70 ሺህ ብር አለኝ፤ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገጣጥም ወይስ የተዘጋጀ ልግዛ?

የሳሪሱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ተጨንቄ ነው የጻፍኩት።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ያደግኩት ሳሪስ ነው፤ ሰፈራችን ፕሌስቴሽን ቤት ነበረና የዳቦ መግዣ ሁሉ እዚያ አልቋል። አሁን የራሴን ኮምፒውተር ማግኘት እፈልጋለሁ። ሁለት ክረምት ሠርቼ ያጠራቀምኩት፣ እህቴ የጨመረችልኝ ተደምሮ 70 ሺህ ብር አለኝ። በዛሬ ምንዛሪ 500 ዶላር እንኳን አይሞላም። ሞኒተር አለኝ። የእህቴ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ያገኘችው ባለ 19 ኢንች ነው። ከኋላው ያለችው ግን ሰማያዊዋ የድሮ የምስል መሰኪያ፣ ቪጂኤ ብቻ ናት።

መጫወት የምፈልገው ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5 እና የእግር ኳሱን ኤፍሲ ነው። ለትምህርት ደግሞ አውቶካድ እሠራበታለሁ። ስለዚህ ፕሌስቴሽን ግዛ እንዳትሉኝ።

ሁለት መንገድ አለኝ። አንዱ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ነው። «ጌሚንግ ፒሲ፣ ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ» ይላል፤ 65 ሺህ ብር። ጎኑ መስታወት ነው፣ ፋኖቹ በየቀለሙ ይበራሉ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፍቷል። ሻጩ ደግሞ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው፣ ፍጠን» እያለኝ ነው።

ሁለተኛው ራሴ መገጣጠም ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ለፋሲካ ከሜሪላንድ ይመጣል። «ከሁለት ኪሎ በላይ እንዳታሸክመኝ» ብሎኛል። ዩቲዩብ አይቼ ያወጣሁት ዝርዝር እነሆ፦ ራይዘን 5 5600፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ኬዝ። ስደምረው በጀቴን አልፎ ሄደ። በተለይ ራሙ፣ ቪዲዮው ላይ የሰማሁት ዋጋና አሁን ያለው ጨርሶ አይገናኝም።

ከየቱ ልቀንስ?

ቀዮ፦

ፕሌስቴሽን ግዛና ተገላገል።

የሳሪሱ ልጅ፦

አልኩ እኮ!

ብየዳ፦

ወንድሜ፣ ቀብድ እንዳታስይዝ። የቴሌግራሙን ሰውዬ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ጠይቀውና ተመለስ። አይ 7 የሚለውን ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር። የግራፊክስ ካርዱንም እንደዚያው።

የሳሪሱ ልጅ፦

ጠየቅኩት። መጀመሪያ «አይ 7 ነው አልኩህ እኮ» ብሎ ተቆጣ። ስጨቀጭቀው ፎቶ ላከ። አይ 7 2600 ይላል። ካርዱ አርኤክስ 580 ሆኖ ከጎኑ 2048ኤስፒ የሚል አለበት። ምን ማለት ነው?

ብየዳ፦

ጠርጥሬ ነበር። በል ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ኮምፒውተር ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። ሱቄ ፒያሳ ነበር፣ አሁን ገርጂ ነኝ። የምነግርህ በእጄ ያለፈውን ነው።

አይ 7 2600 እ.ኤ.አ. የ2011 ፕሮሰሰር ነው። እሱ ሲወጣ አንተ ገና ፊደል እየቆጠርክ ነበር። አይ 7 የሚለው ስም ለብቻው ምንም አይነግርህም፤ ትውልዱን የሚናገረው ቁጥሩ ነው። 2600 ሁለተኛ ትውልድ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ። የስምንተኛው ትውልድ አይ 5 ስድስት ኮር አለው፤ ያንተው አይ 7 አራት ነው ያለው። ከፍጥነቱ የባሰ ጣጣም አለው። ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ዓይነት አያውቅም። ከአዳዲስ ጌሞች አንዳንዶቹ ያለሱ ጭራሽ አይነሱም። ራሙ ዲዲአር3 ነው። ነገ ነቅለህ ሌላ ማሽን ላይ ልሰካው ብትል አይገባም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ኢንቴልን በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ። ግን 65 ሺህ ከፍሎ በጓሮ በር መግባት ምን ይባላል?

ወደ ካርዱ። እውነተኛው አርኤክስ 580 2304 ኮር አለው። 2048ኤስፒ የሚለው ስሙን እንደያዘ የተቀነሰው ነው፤ በተግባር አርኤክስ 570 ማለት ነው። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ የከረሙት ኢቴርየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ላይ ኢቴርየም በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ካርዶቹ ተጠራርገው ገበያ ወጡ። እንደዚያ የሠራ ካርድ ሁሉ ሞቷል አልልህም። አንዳንዱ ከኔ ከራሴ ይሻላል። ግን ዓመታት ሌት ተቀን የዞረ ፋን ነው። ባለፈው አንድ ልጅ «ጌም ውስጥ ስገባ ይጠፋብኛል» ብሎ አመጣልኝ። ስፈታው ማቀዝቀዣው ሥር ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓድ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ።

ሦስተኛ ነገር። በመስታወቱ በኩል ፓወር ሰፕላዩ ይታየኛል፤ ምንም ስም የለውም። ገንዘቡ መብራቶቹ ላይ ነው የዋለው። ተወው።

አሁን ዝርዝርህ። ጥሩ ዝርዝር ነው። ባለፈው ዓመት ብትጠይቀኝ እኔም ይሄንኑ እጽፍልህ ነበር። ዘንድሮ ግን ራም እጅ የሚያቃጥል ሆኗል። ሜሞሪ የሚያመርቱት ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው፤ እነሱም ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ዞረዋል። ማይክሮን ለእኔና ላንተ ዓይነቱ ገዢ ክሩሻል እያለ ሲሸጥ የኖረውን ሥራ እንደሚያቆም ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ተናገረ። እንግዲህ ራምን ለብቻው ከመግዛት ራም ከውስጡ ያለበትን ማሽን መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ስለዚህ ምክሬ ለፎቶ አይሆንም። የቢሮ ማሽን ግዛ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ አይ 5 8500 ያለው፣ ሙሉ ቁመት ያለውን ታወሩን። ያገለገለው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ባንክ ወረፋ ስትጠብቅ ከጠረጴዛው ሥር የምታያት ጥቁር ሣጥን ናት። ዲዲአር4 ራም አላት፣ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ትቀበላለች፣ ቢሮ ውስጥ ስትኖር ኤክሴል እንጂ ሌላ ጭንቀት አልነበረባትም።

አጎትህ አንድ ዕቃ ብቻ ያምጣ፦ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ። ስድስት። ደግሜ ልጻፈው፣ ስድስት። ባለ 8 ጊጋውም 3050 ነው የሚባለው፣ ግን ሌላ ካርድ ነው። ባለ 8ቱ 130 ዋት ይጠጣል፤ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ኬብል ካልመጣለት አይነሳም። ባለ 6ቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው፣ 70 ዋት ይበቃዋል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ሌላ ኬብል አይፈልግም። የቢሮ ማሽን ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ከ300 ዋት በታች ነው፣ ለካርድ የተዘጋጀ ኬብልም አይኖረውም። የምትሆንህ ስድስቷ ብቻ የሆነችው ለዚህ ነው። አሜሪካ አዲሷ ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ትገኛለች። አጎትህንም አታስቀይምም፤ ከነካርቶኗ ኪሎ አትሞላም።

አርኤክስ 6600 ከሷ ይበልጣል፣ አልክድህም። በደንብ ነው የሚበልጣት። ግን 132 ዋት ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ልቀይር ትላለህ። የዴልና የኤችፒው ማዘርቦርድ ደግሞ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ኬብል አይቀበልም፤ አዳፕተር ፍለጋ ትዞራለህ። ከዚያ ኬዙ አይበቃም። አንዱን ስትነካ ሌላው ይከተላል፣ 70ው ሺህ 110 ይገባል።

ለሞኒተርህ ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ግዛ። ኬብል ብቻ የሆነውን ርካሹን አይደለም፤ ውስጡ ቺፕ ያለውን። አዲስ ካርድ ላይ ቪጂኤ ቀርቷል።

ሮክቪል ማዶ፦

ብየዳ ሁሌም ኦፕቲፕሌክስ ነው። ሰርግ ብትጠራውም ኦፕቲፕሌክስ ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ሮክቪል ያለው ማይክሮ ሴንተር የሚባለው የኮምፒውተር መደብር ለቤቴ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳልገዛም ዞሬ እወጣለሁ። ከብየዳ ጋር አልስማማም። የዴል ሣጥን መንገዱ ዝግ ነው። ማዘርቦርዱ ሌላ ኬዝ ውስጥ አይገባም፣ ፓወር ሰፕላዩ ለሌላ አይሆንም፣ ፕሮሰሰሩን ልቀይር ብትል ከዘጠነኛ ትውልድ አያልፍም። ኤኤም4 (የራይዘን 5600 መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ) ላይ ብትጀምር ግን ዛሬ 5600 ትሰካለህ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሱ የሚበልጠውን 5800ኤክስ3ዲ ያገለገለ ታገኛለህ፣ ማዘርቦርዱ ያው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አጎትህ ፕሮሰሰር፣ ራምና ማዘርቦርድ ያምጣልህ። ያገለገለ ይሁን፤ እዚህ ሰዎች ወደ አዲሱ ሲያድጉ አሮጌውን ይሸጣሉ። ሦስቱም ተደምረው ሁለት ኪሎ አይሞሉም። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ከባድ ናቸው፣ እዚያው ግዛ። ለካርድ ገንዘብ ካነሰህ 5600 ሳይሆን 5600ጂ ይሁን። ጂ ያለበት የራሱ ግራፊክስ አለው፤ ጂ የሌለበት ያለ ካርድ ምስል አያወጣም። በሱ ካውንተር ስትራይክን ቅንብሩን ዝቅ አድርገህ ትጫወታለህ፣ ካርዱን በኋላ ትገዛለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ፒኖቹ ያሉት ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የመጀመሪያዬን ስገጣጥም ኩለሩን ስነቅል ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ወጣ፣ ሁለት ፒን ጎበጠብኝ። ሌሊቱን በሙሉ በባንክ ካርድ ጠርዝ ሳቃና ነው ያደርኩት። ሚስቴ «የታመመ ልጅ ያለህ ትመስላለህ» አለችኝ።

ብየዳ፦

ሰርጉን ተወውና፣ መንገዱ ዝግ ነው ያልከው እውነት ነው። ለሁለት ዓመት የሚሆን ማሽን ነው እንጂ ለአሥር ዓመት አይደለም። ግን አንተ «በኋላ ትገዛለህ» የምትለው ካርድ እዚህ አገር በኋላ ምን ያህል እንደሚሆን ታውቃለህ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። «ደመወዝ ስቀበል እገዛለሁ» ብለው ግማሽ ማሽን ተሸክመው የቀሩ ደንበኞች አሉኝ። አንዱ ኬዙን ለዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል። ይህ ልጅ ዘንድሮ መጫወት ነው የሚፈልገው። ደግሞ ካርዷና ኤስኤስዲው ነገ ወደ ኤኤም4 ይሻገራሉ፤ የሚቀረው ሣጥኑ ነው።

ያገለገለ ራምና ማዘርቦርድ ከሩቅ ማስመጣትም አልወድም። ሲበላሽ ለማን ትመልሰዋለህ? እዚህ የገዛኸውን ቢያንስ ተሸክመህ ሄደህ ሻጩ ፊት ትቆማለህ።

ሮክቪል ማዶ፦

የመጨረሻዋን ተቀበልኩ።

ሜሪ ከጀሞ፦

ሁለታችሁም መብራቱን ረሳችሁት።

እኔ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ፤ ማታ ማታ እጫወታለሁ። የመጀመሪያ ኮምፒውተሬ የሞተችበትን ልንገርህ። ከአሜሪካ ያገለገለች ታወር በዘመድ በኩል መጣችልን። ከኋላዋ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አለች፣ 115 ትላለች። ማን ልብ ብሎ አየ? አባቴ ዲቫይደሩ ላይ ሰኩ። «ጧ!» አለና ቤቱ የተቃጠለ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፤ ያቺ ቀይ ነገር 230 ላይ መሆን ነበረባት። አባቴ እስካሁን «ኮምፒውተር» ሲባል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ግን ስትገዛ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ፤ 100-240 የሚል ከሆነ አትፍራ።

ሁለተኛ፣ ዩፒኤስ የሚባለውን ባለ ባትሪ ሣጥን ግዛ። ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ እየተጫወትክ እንድትቀጥል አይደለም። አምስት ደቂቃ ይሰጥሃል፤ ሥራህን ሴቭ አድርገህ በሥርዓት ታጠፋለህ። ባለ 650 ቪኤ ይበቃሃል። ቪኤው ዋት እንዳይመስልህ፤ ባለ 650ው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ያንተ ማሽን ግን ብየዳ ባለው ካርድ ጌም ላይ እንኳን 200 ዋት የሚደርስ አይመስለኝም።

ሻጩ አያስቸኩልህ። አንዳንዱ ርካሽ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲዞር የሚሰጠው መብራት የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያንን አይወድም፣ ማሽኑ እልም ይላል። ስለዚህ ኮምፒውተርህን ታክሲ ላይ ጭነህ ሱቁ ድረስ ውሰድና እዚያው ሰካ። ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀል። ካልጠፋብህ ግዛ። እኔ እንዲህ ሳደርግ ሻጩ እንደ እብድ ነው ያየኝ፤ ሦስተኛው ዩፒኤስ ላይ ነው የገዛሁት።

ዩፒኤሱን እስክትገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬት ንቀለው። ሲመለስ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ሲመጣ ሲሄድ፣ ሲመጣ ሲሄድ የሚለው ነው የሚገድለው።

ብየዳ፦

ሜሪ ያለችው በሙሉ ልክ ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው ሬሳ ውስጥ በጌም የሞተ አላየሁም፤ በመብራት የሞተ ግን መደርደሪያ ሞልቶኛል።

የሳሪሱ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ትናንት መገናኛ አካባቢ ዞርኩ። አንድ ሱቅ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ አይ 5 8500 አገኘሁ። ግን ቀጭን ናት፣ መጽሐፍ ትመስላለች። ሻጩ «ያው ነው፣ ውስጡ አንድ ነው» አለኝ። ያው ነው?

ብየዳ፦

ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ ቁመቱ አይደለም። ቀጭኗ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የምትቀበለው። 3050 ባለ 6 ጊጋ በዚያ ቁመትም ይሠራል፣ ግን ዓይነቱ ጥቂት ነው፣ አጎትህ ሲፈልግ ይንከራተታል። ደግሞ ቀጭኗ ውስጥ አየር እንደ ልብ አይዞርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ነው። አቧራው ሲጨመርበት እንዴት እንደሚሆን አስበው። ታወር ፈልግ።

ስታገኝ ፍላሽ ይዘህ ሂድ። ሲፒዩ-ዚ እና ክሪስታልዲስክኢንፎ ጫንባት፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። አንደኛው ፕሮሰሰሩንና ራሙን እውነቱን ይነግርሃል፤ ሌላው ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናውን። ራሙ ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይሻልሃል፤ አንድ ባለ 16 ከሆነ በአንድ እጅ እንደማጨብጨብ ነው፣ ጌም ላይ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ታጣለህ። ከዚያ አጥፍተህ ስታበራ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2 ደጋግመህ ንካና ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ግባ። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ አትግዛ። የድሮው መሥሪያ ቤት ቆልፎት ነው፤ ሻጩ «እናስከፍተዋለን» ይልሃል፣ ከዚያ ስልኩን አያነሳም። ደህና ከሆነ ግማሽ ሰዓት እንዲበራ አድርገህ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።

ቀዮ፦

እኔም ቁም ነገር ልናገር፦ ካርድ ፒንግ (ከሰርቨሩ ጋር መልእክት የሚመላለስበትን ጊዜ) አይቀንስም። ካውንተር ስትራይክ ላይ ዱባይ ሰርቨር ነው የሚቀርብህ። ዋይፋዩን ተውና ኬብል ዘርጋ።

የሳሪሱ ልጅ፦

ታወሩን አገኘሁ! ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ አይ 5 8500፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ባዮሱ አልተቆለፈም። ሻጩ ሻይ ልጠጣ ስወጣ «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለኝ።

አጎቴ ደግሞ ዛሬ ካርዱን ገዝቶ ፎቶ ላከልኝ። «ዋጋው ስለተቀራረበ ትልቁን ወሰድኩልህ» አለኝ። ደስ ብሎኛል። ፎቶው ይኸው።

ብየዳ፦

ካርቶኑ ላይ 8 ጊጋ ይላል። ደውልለት። አሁኑኑ ደውልለት!

ሮክቪል ማዶ፦

ካርቶኑን እንዳይከፍተው በለው። ደረሰኙንም ይያዝ።

የሳሪሱ ልጅ፦

እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ብየዳ፦

ይደወል። አጎት አይደል?

የሳሪሱ ልጅ፦

ደወልኩ። መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ከዚያ «ስምንት ከስድስት አይበልጥም እንዴ? ምን እያስተማሩህ ነው?» ብሎ ተናደደ። በመጨረሻ እሺ አለ። ቅዳሜ ሄዶ ይቀይረዋል።

የሳሪሱ ልጅ፦

ፋሲካ አለፈ፤ እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ። ማሽኑ ሠርቷል። ስድስቷ ገባች፣ በአንድ ብሎን ነው የታሰረችው፣ ኬብል አልፈለገችም። ብቻ መጀመሪያ ምስል አልመጣ ብሎኝ ላብ አጠመቀኝ። የሞኒተሩን ገመድ የሰካሁት ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ካርዷ ላይ ሳዞረው በራ። አጎቴ ከጎኔ ቆሞ «ባለ 8ቱ ቢሆን ይሄ አይፈጠርም ነበር» አለኝ።

ጂቲኤ 5 ቅንብሩን ከፍ አድርጌ ያለ ችግር ይሄዳል። ካውንተር ስትራይክም አሪፍ ነው። ኤፍሲን ገና እያወረድኩ ነው፤ በዚህ ኢንተርኔት ሳምንቱን ይፈጃል። አሁን ጥያቄዬ፣ ፍሬሙ ከመቶ በላይ ይላል፣ ለዓይኔ ግን ልዩነቱ አይታየኝም። ካርዷ ላይ ችግር አለ?

ብየዳ፦

ካርዷ ደህና ናት። የእህትህ ሞኒተር በሰከንድ 60 ጊዜ ነው ምስል የሚቀይረው። ካርዷ መቶ ብትልክለት ከስድሳ በላይ ያለውን አያሳይህም። ጌሙ ውስጥ ገብተህ ፍሬሙን 60 ላይ ቆልፈው፤ ማሽኑም ይቀዘቅዛል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ሞኒተር ለሚቀጥለው ፋሲካ።

ሜሪ ከጀሞ፦

ዩፒኤሱስ?

የሳሪሱ ልጅ፦

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ጨዋታው 12 ለ 12 ሆኖ መብራት እልም ሲል ስምሽን ጠራሁ። ነገ ጠዋት ማሽኑን ታክሲ ላይ እጭናለሁ።